ከደሴ ወደ ቆላው፦ ግዙፍ እንሽላሊቶችን በዱር የት እናገኛቸዋለን?

በየጊዜው ስልካችን ላይ የሚመላለስ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አቧራ የለበሰ የሚመስል ቆዳ፣ ሰፊ አፍ፣ እንደ እባብ ለሁለት የተሰነጠቀ ምላስ ያለው እንስሳ አንድ ፍየል ሳያኝክ ሲውጥ ይታያል። አንዱ አዞ ነው ይላል፤ ሌላው ዘንዶ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አፋር በረሃ ውስጥ የተቀረጸ ነው ብሎ ይከራከራል። እንስሳው አዞም ዘንዶም አይደለም፤ አፋር ውስጥም አይኖርም። ኮሞዶ ድራጎን የሚባል እንሽላሊት ነው፤ መኖሪያውም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሉ ጥቂት ደሴቶች ብቻ ናቸው።

ይሁንና የዚህ እንስሳ የቅርብ ዘመድ፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ቢለካ ከሰው ቁመት ሊበልጥ የሚችል፣ በኛው አገር ሐይቅና ወንዝ ዳር ይኖራል። ስሙን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ አርጃኖ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ "እንዲህ ያለውን እንስሳ በዓይኔ ለማየት የት ልሂድ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ይህ ማብራሪያ ለእሱ ነው። ቦታዎቹን ከመጥራታችን በፊት ግን እንስሳቱ ለምን አንዱ ቦታ ኖረው ሌላው ቦታ እንደማይገኙ ብንረዳ ይሻላል። ያ ከገባን የመልሱን ግማሽ ራሳችን እንደርስበታለን።

ግዙፍ እንሽላሊት የሚባለው የትኛው ነው?

እንሽላሊት ሰፊ ስም ነው። በዓለም ላይ ከ7,000 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ትንንሾች ናቸው። ማታ አምፖል ሥር ግድግዳ ላይ ትንኝ የምትለቅመዋ፣ ረፋድ ላይ ድንጋይ አጥር ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀዋ፣ ቀለሟን የምትለዋውጠዋ እስስትም ጭምር ከዚሁ ወገን ናቸው። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝሙት በጣም ጥቂት ሲሆኑ፣ ከእነሱም መካከል ትልልቆቹ ከሞላ ጎደል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሳይንቲስቶች ይህን ወገን ቫራነስ ይሉታል። እኛ የአርጃኖ ወገን ብንለው ያስኬዳል።

የአርጃኖ ወገን ወደ 80 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ተሠራጭተዋል። ሁሉም ረዘም ያለ አንገት፣ ጠንካራ ጥፍር፣ ጡንቻማ ጅራትና መንታ ምላስ አላቸው። መጠናቸው ግን እጅግ ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ አለ። ኮሞዶ ደግሞ ሦስት ሜትር ይደርሳል፤ ሙሉ አካል ያለው ወንድ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። እኛ ጋር በስፋት የሚታወቀው የዓባይ አርጃኖ በአፍሪካ ረጅሙ እንሽላሊት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ የሚያልፍም አለ። ከርዝመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ጅራት ስለሆነ ሲታይ ከሚገመተው ይልቅ ቀላል ነው።

አርጃኖ የአዞ ግልገል ነው?

አይደለም። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም አንድ ውኃ ዳር ይውላሉ፣ ሁለቱም ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሁለቱም ሲደነግጡ ውኃ ውስጥ ይገባሉ። በዝምድና ግን አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። የአዞ ልብ እንደ ወፍና እንደ እኛ አራት ክፍል አለው፤ የእንሽላሊት ልብ እንዲያ አይደለም።

ሐይቅ ዳር ቆሞ ለመለየት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው ምላስ ነው። የአዞ ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ወደ ውጭ አይወጣም። አርጃኖ ግን ሲራመድ በየጥቂት ሰከንዱ ምላሱን ያወጣል፣ ያስገባል። ሁለተኛው ጭንቅላቱ ነው፤ የአርጃኖ ጭንቅላት ሾጣጣና በረጅም አንገት ላይ የተቀመጠ ነው፣ የአዞው ግን ጠፍጣፋና ከትከሻው ጋር የተያያዘ። ሦስተኛው ጥርስ ነው። አዞ አፉን ገጥሞም ጥርሱ ይታያል፤ የአርጃኖ ጥርስ አፉ ሲገጠም አይታይም። ወጣት አርጃኖ በተጨማሪ ጥቁር ቆዳው ላይ ደማቅ ቢጫ ነጠብጣብና መስመር ስላለው ከሩቅ ይለያል።

እንዲያውም የሁለቱ ግንኙነት የጠላትነት ነው። በአፍሪካ ወንዞች የአዞን እንቁላል ቆፍሮ በመብላት የዓባይ አርጃኖን የሚስተካከል እንስሳ የለም። እናት አዞ ጎጆዋን ለሳምንታት ሳትንቀሳቀስ የምትጠብቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምላሱ ይናደፋል የሚባለውስ?

ምላሱ ማሽተቻ ነው። አየር ላይ ያለውን የሽታ ቅንጣት ሰብስቦ ላንቃው ላይ ወዳለ ልዩ የማሽተቻ ክፍል ያደርሳል። ጫፉ ለሁለት መከፈሉ ደግሞ ጥቅም አለው። ሽታው በቀኝ ጫፍ ከበረታ ምግቡ በቀኝ ነው፤ በግራ ከበረታ በግራ። ኮሞዶ ነፋሱ ከተመቸው ጥምብ ያለበትን ቦታ ከበርካታ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ምላሱ ሰው ቢነካ ምንም አያደርግም።

ደሴ ላይ ለምን አይኖሩም?

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ የዓለም ካርታ ላይ ያሉት የግዙፍ እንሽላሊት ቦታዎች በሙሉ የሚፈቱት በዚህ ነውና።

የእንሽላሊት ደም ቀዝቃዛ ነው ይባላል። አባባሉ ትንሽ ያሳስታል። ረፋድ ላይ ድንጋይ ላይ የተጋደመ አርጃኖ ደሙ ከእኛ ደም ብዙም የማያንስ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ሙቀቱ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው። እኛ ከምንበላው አብዛኛውን የምናቃጥለው ሰውነታችንን ለማሞቅ ነው። ደሴ ላይ ውርጭ በወረደበት ጠዋት እንኳ ሰውነታችን 37 ዲግሪ አካባቢ የሚቆየው ለዚህ ነው። እንሽላሊት ግን ሙቀቱን ከፀሐይ፣ ከድንጋይና ከአየር ይበደራል። ስለዚህ ምግብ በጣም ይቆጥባል። አንድ ኮሞዶ የራሱን ክብደት 80 በመቶ የሚያህል ሥጋ በአንድ ጊዜ ውጦ ለሳምንታት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ጠግቦ ቢበላ ይበቃዋል።

ይህ ቁጠባ ግን ዋጋ አለው። ሰውነቱ ካልሞቀ አይሮጥም፣ አያድንም፣ የበላውንም አይፈጭም። ብዙ ሥጋ የዋጠ ኮሞዶ ፀሐይ ላይ መተኛት ግዴታው ነው፤ አለበለዚያ ሥጋው ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። እዚህ ላይ ግዙፍነት ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል። ትልቅ ድስት ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ትንሿ እንሽላሊት በጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ሞቃ ሥራዋን ትጀምራለች፤ በዚህም የተነሣ ደጋ ላይም ትኖራለች። ትልቁ ግን ረጅም የፀሐይ ሰዓትና ሞቃት ሌሊት ያስፈልገዋል።

አሁን የራሳችንን መንገድ እናስብ። ደሴ በጦሳ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል። በአማካይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት አየሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ በዚህች አጭር መንገድ ብቻ የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ደሴ ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ የሚያወልቀው በከንቱ አይደለም። ለሰው ይህ የልብስ ጉዳይ ነው። ለትልቅ እንሽላሊት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ በከፍታዋ ከባሕር ዳር ጋር ትቀራረባለች፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ አርጃኖ ሞልቷል። ከኮምቦልቻ በታች ወደ ሐርቡና ከሚሴ፣ ወይም ወደ ባቲ የሚወርደው መሬት የበለጠ ይሞቃል።

ከሙቀቱ ቀጥሎ እንቁላሉ አለ። እንሽላሊት እንደ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ አትፈለፍልም፤ ስለዚህ ለወራት ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ማግኘት አለባት። የዓባይ አርጃኖ ለዚህ ያገኘችው መፍትሔ የሚያስደንቅ ነው። ዝናብ ወርዶ አፈሩ ሲላላ ምስጥ ያለበትን ኩይሳ ትሰረስርና እንቁላሎቿን ውስጡ ትጥላለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ይሆናሉ። ከዚያ ትታቸው ትሄዳለች። ምስጦቹ የተከፈተውን ቀዳዳ እንደ ልማዳቸው ይደፍናሉ። የኩይሳው ውስጥ ቀንም ሌሊትም ሙቀቱና እርጥበቱ እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ እንቁላሎቹ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይተው ይፈለፈላሉ። ግልገሎቹ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ሌላ ዝናብ መጥቶ ግድግዳውን ሲያለሰልሰው ነው። ምስጥና ኩይሳ የቆላና የወይና ደጋ ነገር መሆኑን ስናስታውስ፣ አርጃኖ ደጋ የማይወጣበት ተጨማሪ ምክንያት ይገባናል።

ሙቀት፣ ውኃ፣ የሚበላ ነገርና እንቁላል መጣያ። እነዚህ አራቱ በአንድ ላይ ያሉበት ቦታ ሁሉ የዓባይ አርጃኖ አገር ነው።

ታዲያ ከወሎ ተነሥቶ የት ቢሄዱ ይታያል?

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ ኮምቦልቻን ያልፍና የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። ጨፋ የበጋ ግጦሽ ፍለጋ ከቆላው የሚመጡ ከብት አርቢዎች ሁሉ የሚጠለሉበት ሰፊ እርጥብ ሜዳ ነው። በዚህ አቅጣጫ በወረድን ቁጥር አርጃኖ የሚወደው ዓይነት መሬት እየበዛ ይሄዳል። ሆኖም ረጅም ሣርና ደንገል ውስጥ የተሸሸገ እንስሳ ማግኘት ቀላል አይደለም። አይቶ ለመመለስ ለሚወጣ መንገደኛ የምመክረው ትልልቅ የውኃ ዳሮችን ነው፤ እዚያ እንስሳው ሰው ለምዷል፣ የሚተኛበት ድንጋይም ገላጣ ነው።

ጣና የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ በሐይቁ ዳር ባሉ ጥቁር ድንጋዮችና በደንገሉ ጠርዝ ላይ አርጃኖ ተጋድሞ ማየት የተለመደ ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴት ገዳማት በጀልባ የሚሄድ ሰው መውጫና መድረሻው ላይ ዳር ዳሩን ቢቃኝ ጥሩ ዕድል አለው። ገዳማቱን ለመሳለም ለሚሄዱ ይህ ሳይደክሙ የሚገኝ ተጨማሪ ነገር ነው፤ ጀልባ ቀዛፊውን "አርጃኖ ካየህ ቀስ በልልን" ማለት ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው አርባ ምንጭ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ገበያ ተብሎ ወደሚታወቀው ዳርቻ የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ። ሰው ሁሉ ዓይኑን አዞዎቹ ላይ ስለሚተክል አርጃኖው ሳይታይ ያልፋል። አዞ እንቁላል የሚጥልበት አሸዋ ባለበት አርጃኖ ይዞራል፤ ስለዚህ ከአዞዎቹ ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥቋጦና የወደቁ ግንዶችን መመልከት ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል አርባ ምንጭ መድረስ ይቻላል።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአዋሽ ወንዝ አካባቢና በጋምቤላ ባሮ ላይም ይኖራል። ከውኃ ርቆ የሚኖር ሌላ የአርጃኖ ዝርያም አለን። ጉሮሮው ነጣ ያለ፣ አካሉ የደለበ፣ በደረቅ ቆላ ውስጥ በድንጋይ ስንጥቅና በዛፍ ላይ የሚኖር ሲሆን መኖሪያው ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። እሱን ማየት የሚቻለው በአጋጣሚ ነው፤ ለዚያ ብሎ መንገድ መውጣት አያዋጣም።

የትኛውም መስመር ቢመረጥ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተጓዙ ሰዎች መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

አደገኛ ነው ወይ?

የዓባይ አርጃኖ ሰው አሳድዶ አያጠቃም። ሰው ሲያይ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይሸሻል፣ በተለይ ወደ ውኃ። መሸሻ ሲያጣ ግን ሰውነቱን ይነፋል፣ ይንፏፏል፣ ጅራቱን እንደ ጅራፍ ይሰነዝራል። ከያዙት ይነክሳል፤ ጥፍሩም ክፉኛ ይቧጥጣል። ንክሻው ለሞት የሚያደርስ መርዝ የለውም፤ ቁስሉ ግን እንዳያመረቅዝ ሐኪም ቤት መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ተጎጂ የሚሆኑት ሊያባርሩት የሚጠጉ ውሾችና በጅራቱ ይዘው ለመጎተት የሚሞክሩ ልጆች ናቸው።

ዶሮና እንቁላል መስረቁ እውነት ነው። ጎጆ ዳር ዶሮ የሚያረባ ሰው ቢጠላው አይፈረድበትም። መፍትሔው የዶሮ ቤቱን ከሥር በድንጋይ መዝጋትና ማታ መቆለፍ ነው። የሚበላው ግን እሱን ብቻ አይደለም፤ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ አይጥ፣ እባብና የሞተ እንስሳ ይበላል። ወንዝ ዳር የወደቀ ጥምብ ከሚያነሡት አንዱ እሱ ነው። ሰው ግን ለሥጋውም ለቆዳውም ያድነዋል። ቆዳው ለጫማ፣ ለቦርሳና ለሰዓት ማሰሪያ ስለሚፈለግ ከአፍሪካ በብዛት ወደ ውጭ ሲላክ ቆይቷል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ይህን ንግድ ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ስለዚህ ቆዳውን ለመታሰቢያ ብሎ ገዝቶ ድንበር ማሻገር ችግር ውስጥ ይከታል።

ኮሞዶን ለማየት ምን ያስፈልጋል?

ኮሞዶ የሚገኘው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኮሞዶ፣ ሪንቻ፣ ጊሊ ሞታንግና ኑሳ ኮዴ በሚባሉ ደሴቶችና በፍሎሬስ ደሴት አንዳንድ ዳርቻዎች ነው። በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር የለም። ኢንዶኔዥያ በ1980 እ.ኤ.አ. የኮሞዶ ብሔራዊ ፓርክን አቋቋመች፤ በ1991 ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዱር የቀሩት ሕፃናቱን ጨምሮ ወደ 3,000 ገደማ ናቸው። በ2021 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ኮሞዶን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት መካከል መድቦታል፤ አንዱ ምክንያት የባሕር ወለል ከፍ ማለት የሚኖርባቸውን ቆላማ ዳርቻዎች ስለሚያጠብብ ነው።

ስለ ኮሞዶ የሚወሩ ሁለት ነገሮች መታረም አለባቸው። የመጀመሪያው፣ የሚገድለው በአፉ ባለው ቆሻሻና ባክቴሪያ ነው የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ጭምር የተጻፈው እንዲህ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ኮሞዶ በታችኛው መንጋጋው ውስጥ የመርዝ ዕጢዎች እንዳሉት አሳየ። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ከኋላ የተገኙ ጥናቶችም አፉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከሌሎች ሥጋ በል እንስሳት የተለየ አለመሆኑን አመለከቱ። የጥርሱ ስለትም ቀላል አይደለም፤ በ2024 የጥርሶቹ ጫፍና ስለት በብረት ንጥረ ነገር የተለበጠ መሆኑ ታውቋል።

ሁለተኛው ወሬ፣ ትንሽ እንሽላሊት ደሴት ላይ ብቻዋን ቀርታ ገዝፋ ኮሞዶ ሆነች የሚለው ነው። ከአውስትራሊያ የተገኙ ቅሪተ አካሎች ኮሞዶ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ ይኖር እንደነበር ያሳያሉ። ማለትም ግዙፍ ሆኖ ነው ወደ ደሴቶቹ የመጣው። ደሴቶቹ ያደረጉለት ነገር ማቆየት ነው፤ እንደ አንበሳና ነብር ያለ የሚሻማው ትልቅ አዳኝ ስለሌለ አጋዘኑን፣ የዱር አሳማውንና ጎሹን ለብቻው ይዞ ቀረ።

መንገዱ እንዲህ ነው። መንገደኛው ጃካርታ ወይም ባሊ ይደርሳል፤ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ በፍሎሬስ ምዕራብ ጫፍ ወዳለችው ላቡዋን ባጆ ይሄዳል፤ ከእሷ በጀልባ ወደ ሪንቻ ወይም ወደ ኮሞዶ ይሻገራል። ለቪዛ አዲስ አበባ ያለውን የኢንዶኔዥያ ኤምባሲ መጠየቅ ነው። ደሴቱ ላይ ጠባቂ ሳይዝ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ጎብኚ የለም። ጠባቂዎቹ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ ረጅም ዱላ ይይዛሉ፤ እንስሳው ከተጠጋ አንገቱን በባላው ገፋ ያደርጉታል። ሰው ላይ አደጋ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ቢሆንም ይደርሳል። ኮሞዶ ለአጭር ርቀት በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ደረቁ ወቅት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ለጉዞ የተመቸ ነው። እንስሳቱ የሚገናኙት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ ወንዶቹ በኋላ እግራቸው ቆመው ሲታገሉ ማየት የሚቻለውም ያኔ ነው። እንቁላል የሚጣለው መስከረም ገደማ ሲሆን፣ የተፈለፈሉት ግልገሎች በትልልቆቹ እንዳይበሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ያድጋሉ።

ወጪው ከባድ ነው፤ ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ለዚህ ነው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የበለጠ የሚጠቅመው።

ለሌላ ጉዳይ የሄደ ሰው በመንገዱ የት ሊያይ ይችላል?

ለሕክምና ወይም ለንግድ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ከእኛ አገር ብዙ ነው። ባንኮክ መሐል ከተማ ሉምፒኒ የሚባል መናፈሻ አለ፤ ኩሬው ዳር የውኃ አርጃኖ በጠራራ ፀሐይ ሣር ላይ ይንጎራደዳል። መግቢያ ገንዘብ አይጠየቅም። ይህ ዝርያ ከኮሞዶ ቀጥሎ ከከባዶቹ እንሽላሊቶች አንዱ ነው፤ ብዙዎቹ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ሲሆኑ ሦስት ሜትር የደረሱም ተመዝግበዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው እጅግ በዝቶ ስለነበር የከተማው አስተዳደር መቶ ያህሉን አስይዞ ወደ ሌላ ቦታ ወስዷቸዋል። ሲንጋፖር ውስጥ ሱንጌ ቡሎ በሚባለው የረግረግ ጥብቅ ቦታ፣ ስሪላንካ ውስጥ ደግሞ በቦዮችና በሐይቆች ዳር ይህንኑ ማግኘት ይቻላል። በትንሽ ወጪ ግዙፍ እንሽላሊት ከቅርብ ለማየት ባንኮክን የሚያህል ቦታ የለም።

ከወሎ ወደ ሳዑዲ ሄደው የኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ሁለት የበረሃ እንስሳት ያውቃሉ። አንዱ ዓረቦቹ ወረል የሚሉት የበረሃ አርጃኖ ነው፤ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን አዳኝ። ሌላው ደብ ይባላል፤ ጅራቱ እሾሃማ፣ ምግቡ ቅጠል የሆነ፣ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ እንሽላሊት ሲሆን በረሃ ውስጥ ታድኖ ይበላል። ደብ ከአርጃኖ ወገን አይደለም።

አውስትራሊያ ያሉ ዘመዶች ካሉን፣ በስተምሥራቅ ባሉ የደን መናፈሻዎች ምግብ የሚቀማቸው ዛፍ ላይ ወጪ አርጃኖ አለ፤ መሐል አገር በረሃው ውስጥ ደግሞ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝመው ፐረንቲ ይኖራል። እጅግ ሩቅ በሆነው በኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች ባሕር ውስጥ ጠልቆ አልጌ የሚግጥ ኢግዋና አለ፤ በዓለም ላይ ምግቡን ከባሕር የሚያገኘው እንሽላሊት እሱ ብቻ ነው። የፓርኩ ደንብ ጎብኚው ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲርቅ ያዛል።

በስንት ሰዓት መሄድ ይሻላል?

ከላይ ስለ ሙቀት ያነሣነው እዚህ ላይ ሥራ ላይ ይውላል። ማለዳ እንስሳው ገና አልሞቀም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወይም ሥር ሥር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ወጥቶ ይጋደማል፤ ለማየትም ለፎቶግራፍም የተሻለው ጊዜ ይህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወይ ጥላ ይፈልጋል ወይ ውኃ ይገባል። ወደ 10 ሰዓት ገደማ እንደገና ይወጣል። ደመና በበዛበት የክረምት ቀን ግን ሙሉ ቀን ተጠብቆ ላይታይ ይችላል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጥርት ያለ ፀሐይ ይሻላል።

የሚፈለገው የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይሆን የተጋደመ ነገር ነው። ውኃ ላይ የወደቀ ግንድ፣ ከውኃው ብቅ ያለ ድንጋይ፣ ፀሐይ የሚመታው የወንዝ ዳር ጉብታ። ካዩት በኋላ በቀጥታ ወደ እሱ መራመድ ያባርረዋል፤ ሰያፍ እየሄዱ አሥር ሜትር ገደማ ላይ ማቆም ይሻላል። ውኃ ገብቶ ከጠፋም ተስፋ አይቆረጥም። ትንፋሹን ይዞ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ወደዚያው ወደ ሞቀ ድንጋዩ ይመለሳል። ዓሣ ወይም ሥጋ እየጣሉ መጥራት ግን መቅረት አለበት፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ አርጃኖ በሚቀጥለው ቀን ልጆች ወደሚዋኙበት ዳር ይመጣልና።